የመንግሥቴ አንድ ዓይን

መሪጌታ አዛናው ዕድሜ ልካቸውን ሲሥሉ ኖረው አንድም ቀን የራሳቸውን ሥዕል ሥለው አያውቁም ቢባል ሐሰት አይደለም። ሚካኤልን ሥለዋል፣ እመቤታችንን ሥለዋል፣ ጊዮርጊስን ከነፈረሱ ሥለዋል። ከሐሙሲት እስከ ወረታ ባሉ አጥቢያዎች የእሳቸው እጅ ያላረፈበት የመቅደስ ግድግዳ ጥቂት ነው። ሁሉንም የሣሉት ግን መምህራቸው እንዳሳዩአቸው ነው፤ መምህራቸውም የሣሉት ከመምህራቸው እንዳዩት ነው። የክንፉ ቀለም የታወቀ ነው፣ የሰይፉ አያያዝ የታወቀ ነው። እጃቸውን ያውሱታል እንጂ ፈቃዳቸውን አይጨምሩበትም።

ስለዚህ አምሳል የምትባል ልጅ ከወረታ በባጃጅ መጥታ፣ «መሪጌታ፣ የራስዎን ሥራ ይስጡን» ብትላቸው ግራ ገባቸው።

«የቱን የራሴን?»

«ከእርስዎ በቀር ማንም ያልሣለውን።»

«እንዲህ ያለ ነገር እኔ ዘንድ የለም፣ ልጄ። እኔ ዘንድ ያለው ሁሉ የአባቶች ነው።»

አምሳል ሐሙሲት ተወልዳ ባሕር ዳር የምትኖር ሠዓሊ ናት። የመጣችው ለዝግባ ሚካኤል ደን ነው። ዝግባ ሚካኤል ከፎገራ ሜዳ ዳር ባለች ጉብታ ላይ የተተከለ ደብር ሲሆን፣ ዙሪያውን የከበበው ደን ከሩቅ ሲያዩት ጥቅጥቅ ያለ ይመስላል። ገብተው ሲያዩት ግን ሽማግሌ ብቻ የቀረበት ቤት ነው። ዝግባው አርጅቷል፣ ወይራው አርጅቷል፣ ከሥራቸው የሚተካ የለም። ክረምት በገባ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት፣ ከብቱ የሚቆምበት ደረቅ መሬት አጥቶ ወደ ጉብታው ይወጣል። የፎገራን ላም ደግሞ ለወተቷ እንጂ ለጨዋነቷ ያመሰገናት የለም፤ ችግኝ አይታ አታልፍም። መፍትሔው ደኑን ዙሪያውን በድንጋይ ማጠር ነበር። ድንጋዩን ምእመኑ በትከሻው ያመጣል። ግንበኛው፣ ሲሚንቶው፣ የበሩ ብረት ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ይህን የሰሙ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች፣ ሠዓሊ መቼም ገንዘብ የለውምና፣ ያላቸውን አንዳንድ ሥዕል በነፃ ሊሰጡ ተስማሙ። ሥዕሎቹ ወረታ አዳራሽ ውስጥ በጨረታ ይሸጣሉ።

«በይ እንግዲያ አንድ ሚካኤል ልስጥሽ» አሉ መሪጌታ።

«እሱማ የሚሳለሙት ነው፣ መሪጌታ። ሚካኤል ላይ ማን ደፍሮ ዋጋ ይጠራል?»

እውነቷን ነበር፤ አፈሩ። ባለቤታቸው ይታይሽ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «አንተ ሰውዬ፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ክንፍ የሌለው ሰው ሣል!» አለች። በአገሩ መሪጌታን «አንተ» የሚላቸው ሁለት ሰው ብቻ ነው፤ አንዷ ይታይሽ ናት፣ ሁለተኛው መንግሥቴ ነው።

መንግሥቴን እኛም አንቱ ብንለው ይስቅብናል። ገበሬ ነው፣ የመሪጌታ እኩያና አብሮ አደግ። ሰው በሌለበት «አንተ አዛናው» ይላቸዋል። ሰው ባለበት «መሪጌታ» ብሎ፣ ሳቁ እንዳያመልጠው ከንፈሩን ይነክሳል። እሳቸው በልጅነታቸው ጎጃም ቅኔ ቤት፣ ቀጥሎም ሥዕል ሊማሩ ሲሄዱ፣ የባል አልባ እናታቸውን ማሳ እያረሰ ቤቱን ያቆመላቸው እሱ ነው። ይህን ውለታ አንድ ቀን አንሥቶት አያውቅም። መሪጌታም አንሥተውት አያውቁም፤ የወንድም ነገር ነው ብለው ትተውታል።

በዓል ሲሆን ማሳ አይታረስም፤ ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ መሸከም ግን ጽድቅ ነው። ስለዚህ መሪጌታ በተክለ ሃይማኖት ዕለት፣ ሕዝቡ ድንጋይ ሲያግዝ፣ አቡጀዲያቸውን በእንጨት ወጥረው ዝግባው ሥር ተቀመጡ። ክንፍ የሌለው ሰው እንዲህ ያስቸግራል ብለው አልጠበቁም። ቅዱሳኑን አንድ ቀን ሳያዩአቸው ሲሥሏቸው ኖረዋል፤ እነዚህን ዕድሜ ልካቸውን ያዩአቸውን ጎረቤቶች ግን ሊሥሏቸው ሲሉ መልካቸው ጠፋባቸው። እጃቸው ወደ ለመደው ሮጠ፤ ሁሉንም ፊት ለፊት፣ ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን እየሰጡ፣ ድንጋይ የተሸከሙ ሐዋርያት አስመሰሏቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ፊት ለፊት ይሣላል፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይታያሉ። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉ ወታደሮች በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ይበቃቸዋል። ይህን ለማወቅ ሠዓሊ መሆን አያስፈልግም፤ ፊደል ያልቆጠረች አሮጊትም ግድግዳውን እያየች ስላደገች ታውቀዋለች።

እና ያን ዕለት መንግሥቴ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሊያነሣ ጎንበስ አለ። መሪጌታ ቀና ሲሉ ያዩት ከጎኑ ነበር። የአንገቱ ጅማት ተገትሯል፤ ላቡ በጉንጩ ወርዶ ጢሙ ውስጥ ይገባል፤ ከንፈሩን ያን ሳቁን እንደሚይዝበት አድርጎ ነክሶታል። መሪጌታ እጃቸው ሳያስፈቅዳቸው ሄደ። ግንባሩን፣ ቅንድቡን፣ አፍንጫውን፣ ትንሽ ወደ ፊት የወጣች አገጩን እንዳዩት ሣሉት። መንግሥቴ ድንጋዩን አድርሶ ሲመለስ እሳቸው አቡጀዲው ላይ አግኝተውት ነበር። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከዚያ ሁሉ መላእክት በኋላ፣ እንዲያ ያለ ደስታ ተሰምቷቸው አያውቅም። ሕጉ አንድም ጊዜ ትዝ አላላቸውም።

ሥዕሉ ወደ ወረታ ከመሄዱ በፊት የተሣሉበት ሰዎች ይዩት ተብሎ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰቀለ። ሕዝቡ ራሱን ፍለጋ ተጋፋ። «እዩ፣ ወገቤን አቃንተውልኛል!» ይላል አንዱ። «ጋቢዬንስ ብትሉ፤ ከነቀዳዳው!» ትላለች ሌላዋ። መሪጌታ ራቅ ብለው ቆመው፣ የሰርግ ቤት አባት ይመስል ለሁሉም ይስቃሉ።

ያኔ እማማ አገኘሁሽ በምርኩዛቸው ሰው እየከፈሉ ቀረቡ። እማማ አገኘሁሽ ክፉ ሴት አይደሉም፤ አፋቸው ብቻ ከሐሳባቸው ይቀድማል። ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አዩና ምርኩዛቸውን አነሡ።

«እንዴ! ይህቺ አንድ ዓይንስ የማናት?»

«የመንግሥቴ ናት» አለ አንዱ፣ ሳያስበው።

«ውይ በሞትሁት! እንግዲህ ያ የወይራው ነገር እውነት ኖሯል!»

ድሮ፣ እነ መንግሥቴ ወጣት ሳሉ፣ ከደኑ አንድ ወይራ ተቆርጦ ተገኝቶ ነበር። የሚካኤልን ዛፍ የቆረጠ መብረቅ ይጠብቀዋል ይባላል። መንግሥቴ ነው የሚል ወሬ ለጥቂት ጊዜ ተወራ። መብረቁ ሳይመጣ ቀረ፤ ወሬውም ሰለቸውና ሞተ። አሁን በአንዲት ዓይን ከመቃብሩ ተነሣ። ሁሉም ዞሮ መንግሥቴን አየው። መንግሥቴ ሥዕሉን ደህና አድርጎ አየ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰ፣ በደጀ ሰላሙ ወጥቶ ሄደ።

«ኧረ... ጎንበስ ብሎ ነበር እኮ!» አሉ መሪጌታ። የሰማቸው የለም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ይታይሽ መንገዱን ሙሉ አልለቀቀቻቸውም።

«በገዛ እጅህ ወንድምህን ሰይጣን አደረግኸው።»

«ሳላስበው ነው።»

«ሳላስበው! ለአገር ሁሉ ሁለት ሁለት ዓይን ስታድል፣ እሱ ላይ ስትደርስ አለቀብህ?»

በማግሥቱ ማለዳ መሪጌታ ወደ መንግሥቴ ቤት ሄዱ። መንግሥቴ የሩዝ ክምሩን ሲያስተካክል አገኙት። ሲያያቸው ሥራውን ትቶ ብድግ አለና፣ «እንደምን አደሩ፣ መሪጌታ?» አለ። ሰው አልነበረም። ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ከንፈሩንም አልነከሰም። ገብቶ የእንግዳ በርጩማ አመጣ፣ አቧራውን በጋቢው ጫፍ ጠረገና «ይቀመጡ» አላቸው፤ ጠላም በንጹሕ ብርጭቆ ቀዳላቸው። ከልጅነት ጀምሮ እዚያው ክምር ሥር አብረው መሬት ላይ ሲቀመጡ ለኖሩ ሰዎች፣ ከዚህ የባሰ ስድብ የለም።

«መንግሥቴ፣ ክፉ አስቤ አይደለም። ጎንበስ ብለህ አየሁህ፤ እንዳየሁህ ሣልሁህ።»

«አልጠፋኝም።»

«ታዲያ ለምን ተቀየምኸኝ?»

መንግሥቴ አንዲት ዘለላ ሩዝ በመዳፉ አሸ።

«ያኔ ስለ ወይራው ሲወራ ሰምተው ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

«አምነው ነበር?»

«የለም። አላመንሁም።»

«እንግዲያ ለምን አልጠየቁኝም? ያላመነ ሰው መጥቶ ይጠይቃል፤ ወይ ስቆ ያልፋል። እርስዎ ዝም አሉ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ዝም። አፍዎ የያዘውን እጅዎ አወጣው ብዬ ነው የያዝሁት።»

መሪጌታ ያን ጊዜ ከጎጃም ሲመለሱ ወሬውን ሰምተው፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት አድርጌ ለመንግሥቴ አነሣለሁ ብለው ትተውት ነበር። ማፈራቸው ነበር። ከውጭ ለሚያየው ግን ማፈርና መጠርጠር አንድ መልክ አላቸው። ጥያቄው አሁንም ምላሳቸው ላይ ደረሰ፤ አሁን ቢጠይቁት መርማሪ መምሰል ነው ብለው መልሰው ዋጡት።

«ሽማግሌ ልላክብህ?»

«ሽማግሌ ለቃል ነው። ይሄ ቃል አይደለም፤ ሰው ሁሉ የሚያየው ነው። የሚካኤልን ድንጋይ አልተውም፤ ሰው በሌለበት ሰዓት እሸከማለሁ።» ብርጭቆዋን አየት አደረገ። «ጠላዎን አልቀመሱም፣ መሪጌታ።»

ቤታቸው እንደተመለሱ ከሰል አነሡና ለመንግሥቴ ሁለተኛ ዓይን ሊያወጡለት ሞከሩ። ዓይኗ ጆሮው አጠገብ ወጣች። ይታይሽ ከኋላቸው መጥታ ስታይ፣ እንዲያ ተቆጥታ ሳለ እንኳ፣ ሳቋን መያዝ አቅቷት ምሰሶውን ያዘች። «ኧረ በሚካኤል ተው! አሁንስ ከሰይጣኑም ባሰ!» መሪጌታ ከሰሉን በጨርቅ ጠረጉትና ለአምሳል ስልክ አስደወሉ። «ሥዕሉን አልሰጥም፤ ወንድሜን አንጠልጥላችሁ አታዋርዱት፤ ይቅርብኝ» አሉ።

አምሳል በማግሥቱ መጣች። ሥዕሉ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች።

«መሪጌታ፣ ከሰበሰብኋቸው ሁሉ እንደዚህ ያለ የለም። እኒህን ሰውዬ አሁን መንገድ ላይ ባገኛቸው አውቃቸዋለሁ። እባክዎ አይንኩት። በእኛ ትምህርት እኮ በጎን የተሣለ ሰው ክፉ ነው ማለት አይደለም።»

«በእናንተ ትምህርት ነዋ! መንግሥቴ የሚኖረው በእናንተ ትምህርት ውስጥ አይደለም። እዚህ ነው የሚኖረው፤ ከእማማ አገኘሁሽ ጋር።»

«እውነትዎን ነው» አለች አምሳል። «እንግዲህ ሥራው የእርስዎ ነው። ቢያስተካክሉትም፣ ቢያስቀሩትም የእርስዎ ነው። ጨረታው ቅዳሜ ነው።»

እሷ ከሄደች በኋላ ይህ ቃል መሪጌታን አላስቀምጣቸው አለ። እስከ ዛሬ የሣሉት ሥዕል ጉድለት ቢገኝበት፣ ከአባቶች እንዲህ ነው የተቀበልሁት ማለት ይችሉ ነበር። ይህን ለማን ይሰጡታል? ሥዕሉ የራሳቸው ከሆነ ጥፋቱም የራሳቸው ነው።

በነጋታው፣ የጧት ፀሐይ በበሩ ገብታ የኖራውን ግድግዳ ስትመታ፣ መሪጌታ ግድግዳው አጠገብ ጎንበስ ብለው ቆሙና ይታይሽን ጠሩ። ከሰሉን ሰጧት።

«ጥላዬን ተከትለሽ መስመር አውጪልኝ።»

«አሁን ደግሞ ምን ሆንህ?»

«ሰው ራሱን ከጎኑ ማየት አይችልም። መስታወትም አያሳይም። በይ፣ ሳይደክመኝ።»

ይታይሽ እያጉረመረመች ከግንባራቸው ጀመረች፤ ቅንድባቸውን አለፈች፤ አፍንጫቸው ላይ ስትደርስ ቆመች። «አፍንጫህ እንዲህ ነው እንዴ? ይህን ሁሉ ዘመን ፊት ለፊት ሳይህ ሰውረኸኝ!» አለች። ቀጥሎ ግን ከሰሉ እጇ ላይ ቀረ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገባት።

«አዛናው። ራስህን ሥዕሉ ውስጥ ልታስገባ ነው? በአንድ ዓይን?»

«ቀጥዪ። ፀሐይዋ ትሄድብናለች።»

ከዚያ ወዲያ አልቀለደችም። መስመሩን ቀስ ብላ፣ እስከ አንገታቸው ድረስ ጨረሰችው። ዓርብ ዕለት ደግሞ፣ ለማንም ሳትናገር፣ መንግሥቴ ቤት ሄደች። አልተቀመጠችም፤ ጠላም አልጠጣችም። «ነገ ወረታ ና። ካልመጣህ አዛናው ለብቻው ቆሞ ይቀራል» አለችውና ተመለሰች።

ቅዳሜ የደብሩ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ ወረታ ገባ። አዳራሹ በሩዝ ነጋዴ፣ በመኪና ባለቤት፣ በመምህር፣ ከገበያ ወጥቶ ጉዱን ሊያይ በመጣ ሰው ሞልቷል። ሥዕሎቹ ዙሪያውን ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ብቻ የሆነ ሥዕል ነበር። የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት የሆነው አድማሴ፣ ምን እንደሆነ ሳይገባው፣ ከፍ ያለ ዋጋ ጠርቶ አሸነፈ። ከዚያም ብድግ ብሎ «ለሚካኤል መልሼዋለሁ!» አለ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ሠዓሊው ግን ሥዕሉን ጠልተውት የመለሱበት መስሎት ፊቱ ጠቆረ። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ጨረታ እንዲህ እንደሆነ፣ ደግ ሰው የገዛውን እንደገና እንዲሸጥ እንደሚመልሰው አምሳል በጆሮው እስክትነግረው ድረስ፣ ያ ሥዕል ዳግመኛ ተሸጦ ዳግመኛ ተመልሶ ነበር።

መሪጌታ ይህን ሁሉ አላዩም። በሩን ነው የሚያዩት። ባጃጅ ቆሞ ሰው ባወረደ ቁጥር አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ሥዕላቸው ተራው ደርሶ የተሸፈነበት ጨርቅ ሊነሣ ሲል መንግሥቴ በበሩ ገባ፤ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ መቃኑን ተደግፎ ቆመ።

ጨርቁ ተነሣ። ድንጋይ ተሸካሚዎቹ ሁሉ እንደነበሩ ናቸው፤ ሁለት ሁለት ዓይናቸውን አፍጥጠው አዳራሹን ያያሉ። መንግሥቴም እንደነበረ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ያን ትልቅ ድንጋይ ይዟል። አሁን ግን ድንጋዩ ሌላ ተሸካሚ አግኝቷል። በወዲያኛው ጫፍ አንድ ጥምጥም ያደረጉ፣ አፍንጫቸው የሚያስቅ፣ ጎንበስ ያሉ ሽማግሌ በጎን ተሥለዋል። እሳቸውም አንድ ዓይን ናቸው።

«ኧረ በስመ አብ!» አሉ እማማ አገኘሁሽ። «መሪጌታም አንድ ዓይን ሆኑ!»

ሳቁ እስኪበርድ ድረስ ጨረታ መሪው ቆመ፤ ከዚያ መሪጌታ አንድ ቃል እንዲናገሩ ጠየቃቸው። መሪጌታ ቅኔ ዘርፈው አገር ያስጨበጨቡ ሰው ናቸው፤ ያን ቀን ግን ቅኔውን ትተው በተራ ቃል ተናገሩ።

«እነዚህ ሁሉ ሁለት ዓይን ያላቸው እናንተን ስለሚያዩ ነው። እኔና መንግሥቴ ግን ድንጋይ ይዘናል፤ እናንተን ለማየት አልተመቸንም። እኛ የምንተያየው እርስ በርሳችን ነው። ባንተያይ እግራችን ላይ ይወድቃል።» ትንሽ አረፉ። «በጎን መሆን ክፋት ነው ካላችሁም ይሁን፤ ሁለታችንም ክፉዎች ነን። ስለ አንዱ ብቻ አታውሩ።»

ቀድመው የመለሱላቸው መቼም ሌላ ሰው ሊሆኑ አይችሉም፤ «እንዲህ ከሆነማ እኔንም አንዷን ዓይኔን አጥፉልኝና ከእነሱ ጋር አሸክሙኝ!» አሉ እማማ አገኘሁሽ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ዋጋ መጥራት ተጀመረ፤ አድማሴ ከኋላ፣ አንድ የመኪና ባለቤት ከፊት እየተቀባበሉ ይጮኻሉ።

በዚያ ጩኸት መሐል መንግሥቴ ከመቃኑ ተላቅቆ መጣ። ሥዕሉ ፊት፣ መሪጌታ አጠገብ ቆመ። ጎን ለጎን ሆነው ራሳቸውን አዩ። መሪጌታ ያን ሁሉ ዘመን የዋጡትን ዝቅ ባለ ድምፅ አወጡት።

«መንግሥቴ፣ ያንን ወይራ ቆርጠኸው ነበር?»

መንግሥቴ ዓይኑን ከሥዕሉ አላነሣም።

«ቆርጨዋለሁ» አለ።

መሪጌታ ዞረው አዩት።

«እናትህ ማሳ ላይ ሞፈሬ ተሰበረ። ዝናቡ ወርዷል፣ የዘሩ ቀን ሊያልፍ ነው። ሞፈር እስኪገኝ ብጠብቅ ማሳው ጦም ሊያድር፤ እሳቸው ደግሞ ላንተ የሚልኩትን ስንቅ ከየት ያመጣሉ? ወጣሁና ቆረጥሁት።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር። ሳትጠይቀኝ ብነግርህ ውለታ መቁጠር ነው። ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። በአንዱ ፈንታ ብዙ ትከል አሉኝ። ይኸው በየክረምቱ እተክላለሁ፤ ላሞቹ እየበሉ አስቸገሩኝ እንጂ።»

መሪጌታ ያኔ ሁሉም ነገር ገባቸው። ከሰው ሁሉ ቀድሞ ድንጋይ ይዞ የሚመጣው፣ ከሰው ሁሉ ኋላ የሚሄደው ለምን እንደሆነ ገባቸው። በርጩማዋም ገባቻቸው፤ ለእሳቸው ብሎ የወሰደውን ኃጢአት እሳቸው ለአገር የሰቀሉበት መስሎት ነበር።

«እንግዲያ አንድ ዓይኔ ልክ ነው» አሉ። «ስንቁን የበላሁት እኔ ነኝ።»

መንግሥቴ ወደ ሥዕሉ ጠጋ ብሎ ድንጋዩን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ መረመረ። ከዚያ ከንፈሩን ነከሰ።

«አንተ አዛናው።»

«ወዬ።»

«እዚህም ከባዱን ጫፍ ለእኔ ነው የሰጠኸኝ።»

መሪጌታ አዩ። እውነት ነው፤ ድንጋዩ በመንግሥቴ በኩል ወፍሯል፣ በእሳቸው በኩል ቀጥኗል። ሲሥሉት አላሰቡበትም ነበር። ከኋላቸው አድማሴ «ለሚካኤል መልሼዋለሁ!» ብሎ ሲጮኽ፣ አገር እጅ የሚነሣቸው መሪጌታ አዛናው በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጎንበስ ብለው የገበሬውን እጅ ሳሙ።

«ተው እንጂ!» አለ መንግሥቴ ደንግጦ፣ እጁን ሊያስለቅቅ እየታገለ። «ሰው ያያል!»

«ይይ» አሉ መሪጌታ፣ እጁን ሳይለቁ።